«ይቀበላሉ?» አለ ስልኩ

ስልክ የተሠራው ሩቅ ላለ ሰው ነው ብለን አምነን ስንኖር፣ «አጠገቤ ካልተቀመጥክ አልሠራም» የሚል ነገር ሲመጣብን ግራ ብንጋባ ይፈረድብናል? ብሉቱዝን ማለቴ ነው። ስልኩ ለሩቁ ሰው ያለ ሂሳብ አንዲት ቃል አያደርስም፤ ጎንህ ለተቀመጠው ግን ዘፈኑንም፣ መዝሙሩንም፣ ፎቶውንም በነጻ ያሻግራል። ነጻ ነገር ደግሞ ማን ይጠላል?

ብሉቱዝ አዲስ በነበረበት ዘመን፣ አርባ ምንጭ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ብሉቱዛችሁን ብትከፍቱ፣ «የእማዬ ልጅ»፣ «ሰው አትመኑ»፣ «አንበሳው» የሚሉ ስሞች ይደረደሩላችሁ ነበር። ሰው ለስልኩ የሚያወጣው ስም ወላጆቹ ካወጡለት ይልቅ ጠባዩን ይናገራል ባይ ነኝ። አንድ ቀን አንበሳው ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ከኋላዬ አንድ እማማ ሙዝ ታቅፈው ስልክ ይነካካሉ። የልጄ ነው አሉኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላመንኳቸውም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎጃም ተወልጄ አርባ ምንጭ ያረጀሁ፣ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሚስቴ ይህን ጠባዬን ጥልቅ ብዬነት ትለዋለች፤ እኔ የምርምር ፍላጎት እለዋለሁ። ስማርት ስልክ የገዛሁ ዕለትም መጀመሪያ የመረመርኩት ብሉቱዝን ነበር። የስሙ ትርጉም ሰማያዊ ጥርስ መሆኑን ሳገኝ ግን ምርምሬ እዚያው ላይ ቆመ። የማን ጥርስ?

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። መላኩ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ የመስኖ መሐንዲስ ነው። ከከተማው ርቆ ባለው በጫኖ መንደር ቦይ ሲለካ ከርሞ፣ ሰፊ የሙዝና የማንጎ ማሳ ያላቸውን የአቶ አንጁሎን ልጅ ማርታን ወደደ። እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ ግን የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ያውም ወደ መተማ። በወሩ መጨረሻ እዚያ ካልተገኘ ሥራው የለም።

ሽማግሌ ደግሞ እንደምታውቁት በአንድ ቀን እሺ አይባልም። መጀመሪያ «እናስብበት» ይባላል፤ ሲመለስ «ዘመድ እናማክር» ይባላል፤ በሦስተኛው ደግሞ እንደ እግዜር ፈቃድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሰጠ አባት «ቆማ ቀርታበት ነው» ተብሎ ይታማል። ይህ ሁሉ ምልልስ እስኪያልቅ መላኩ መተማ ገብቷል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል፤ በዚያ ላይ ከገረሴ የሚመጡት የማርታ አጎት፣ የአቶ አንጁሎ ወንድም፣ ራሳቸው የመረጡትን ባል አዘጋጅተውላታል የሚል ወሬ ነበር። ልጁ ከስቶ ሳየው አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ሦስት ሆነን ሄድን፤ የሰፈራችን ንግግር አዋቂ ጋሽ ተሰማ፣ እኔና አንድ ዝምተኛ ሰው። ሽማግሌ ሲላክ አንድ ዝም የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያከብዳል። አቶ አንጁሎ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጡንና አጎትየው እስኪደርሱ እንጠብቅ አሉ።

ባዶ ጊዜና አዲስ ስልክ ይዞ ዝም የሚል መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ብሉቱዝ ማስረዳት ጀመርኩ። ላኪው ሲልክ የተቀባዩ ስልክ «እገሌ ልኮልዎታል፣ ይቀበላሉ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ አዎ ካልተባለ እንደማይገባ፣ በዚህም ከብዙ እንግዳ ይልቅ ጨዋ እንደሆነ አብራራሁ። አቶ አንጁሎ በጥሞና ሰሙኝ። ጥርሱ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብለው ጠየቁ፤ አላወቅሁትም። ምን ያህል ርቀት ይሄዳል አሉ፤ ከዚህ ማንጎ እስከ ቤትዎ በር ቢሄድ ነው አልኳቸው።

አጎትየው ደረሱ። ጋሽ ተሰማ ተነስተው የመላኩን ዘርና ጠባይ ዘረዘሩ፤ መንገድ እንዳለበትም ሳይደብቁ ተናገሩ። አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናስብበት» ከንፈራቸው ላይ ደርሳ ነበር፤ እኔ እንኳ ታይታኛለች። በዚህ መሀል አቶ አንጁሎ አንድ ነገር እንደነዘራቸው ሁሉ ክው አሉና እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱ። ስልካቸውን በመዳፋቸው እንደያዙ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«መላኩ ልኮልዎታል፣ ይቀበላሉ? ይላል» አሉ ጮክ ብለው። ወዲያው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና፣ «አዎ፣ ተቀብያለሁ» አሉ።

ጋሽ ተሰማ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም፤ እንደቆሙ ምርቃቱን አወረዱት። ዝምተኛውም አሜን አለ፤ የዚያን ቀን ያወጣው ቃል እሱ ብቻ ነው። አቶ አንጁሎ በቀጭን ድምፅ፣ እኔ እኮ ለስልኩ ነው የመለስኩት ለማለት ሞከሩ። ዓይን ሁሉ አጎትየው ላይ አረፈ።

አጎትየው በአገራቸው ዱቡሻ፣ ሽማግሎች ተቀምጠው በሚዳኙበት አደባባይ፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው ሲገስጹ ያረጁ ናቸው። ወንድማቸውን አዩ፤ እኛን አዩ፤ መሬቱን ብዙ አዩ።

«ለማን እንደተባለች እኔ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ቃል ግን ወጣች። ሽማግሌ ሰማ። አትመለስም።» ጎንበስ ብለው እርጥብ ሳር ነጩና ለጋሽ ተሰማ ሰጡ። በጋሞ ሽማግሌ እጅ እርጥብ ሳር ከተያዘ በኋላ ክርክር የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ወሩ ሳያልቅ ተጋቡ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። ያን ቀን መላኩ ሴቻ ነበር። ከሴቻ እስከ ጫኖ የሚደርስ ብሉቱዝ የት አለ? ሙዙ ማሳ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩና ጫማውን ሳይቀር መረመርኩ፤ ጭቃ የለበትም። ቤቴ ሆኜ ስጸልይ ነበር ብሎ ማለ። ማርታ ጓዳ ሆና በመላኩ ስም ልካ ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት፤ የእሷ ስልክ ለካ ያኔ ጥገና ላይ ነበር። ሚስቴ ተው እረፍ አለችኝ። እንዴት ልረፍ? ሳይንስ ተበላሽቶ!

በመልሱ ድግስ ላይ አልቻልኩም። አቶ አንጁሎ አጠገብ ጉልበት ለጉልበት ገጥሜ ተቀመጥኩ። የራሴን ብሉቱዝ ከፈትኩና፣ ያን ቀን የተላከልዎትን ነገር እስቲ ለእኔም ይላኩልኝ፣ ምን እንደሆነ ልየው አልኳቸው። ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ስልካቸውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቁልፎቹ የተፋፋቁ፣ አናቱ ላይ ባትሪ የሚያበራ፣ ከመደወልና ጨለማ ከማብራት በቀር ምንም የማያውቅ ትንሽ ስልክ ነው።

«መምህር፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ፤ ወንድሜ እንዳይሰማ» አሉኝ። «ይቺ ስልክ ብሉቱዝ የላትም። ልጄን ግን ድራልኛለች።»