የፓይለቱ ሰይድ መነጽር

ሩቁን አጥርቶ እያየ እግሩ ሥር ያለውን የሚረሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በግምገማው ዘመን መካነ ሰላም ሳስተምር ገጥሞኛል። የፊዚክስ መምህሩ ሰይድ በስብሰባ ላይ የሁላችንንም ጉድለት ከሩቅ ይለይ ነበር። እህቱ ከጂዳ ካሜራ ያላት፣ ከርቀት የምትነዳ ትንሽ አውሮፕላን ላከችለት። አብሯት የመጣውን ዓይን የሚሸፍን መነጽር ሲያጠልቅ አውሮፕላኗ የምታየውን ብቻ ያያል። በቃ፣ ሰይድ ፓይለት ሆነ!

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለን፣ ዳሩ ገደል ከሆነ ሜዳ ላይ ልምምድ ጀመረ። እኔ አንጋጥጬ አውሮፕላኗን ሳይ እሱ እየተራመደ መሆኑን ልብ አላልኩም። ድንገት ጮኸ።

«ያ ረቢ! ቡናማ ኮት የለበሰ ሰውዬ ገደል ሊገባ ነው! ያዘው!»

ዞር ስል ሜዳው ላይ ቡናማ ኮት የለበሰው እሱ ራሱ ብቻ ነው። አፋፉ ላይ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። ሮጬ ኮቱን ጨምድጄ ወደ ኋላ ጣልኩት።

«ምን ነካህ? ሰውዬውን ያዘው እንጂ!» አለኝ ወድቆም።

«ይዤዋለሁ» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ገደሉን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «አልሐምዱሊላህ» አለና ሳሩ ላይ ተዘረጋ፤ እኔም አጠገቡ። አውሮፕላኗ የት እንደወደቀች መጠየቅ ትዝ ያለን እንባችን እስኪወርድ ስቀን ስንጨርስ ነው።