ድንኳን የተተከለላት ታንኳ

እኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰዎች ከውሃ ጋር ያለን ዝምድና ከአማት ጋር እንዳለን ዝምድና ነው፤ ስትቀር እናማርራለን፣ ስትመጣ እንደነግጣለን። ከቧንቧ ስትጠፋ ጀሪካን ተሸክመን ዳገቱን እንወጣለን፤ ክረምት ገብቶ በቀበና ወንዝ ስትመጣ ደግሞ ልጆቻችንን ሰብስበን በር እንዘጋለን። ከዚህ ውጭ ውሃ ማለት ለእኛ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበትና፣ ጠበል ከሆነም የሚጠመቁበት ነገር ነው። ሰው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይዝናናበታል ቢሉን «ምን ጎድሎበት?» እንላለን። ከላያችን ባለው እንጦጦ ላይ እንኳ ባሕር የሚባል ነገር ካለ ባሕር ዛፍ ነው። አያቶቻችን ስለ ውሃ ያወረሱን ምክርም አጭር ናት፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በዚህ ምክር ያደገ ሰው ዋና ባይችል አይፈረድበትም። እኔ አልችልም። እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚችሉ አይመስለኝም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰፈር መካከል ነው ጎረቤቴ ጋሽ አስራት ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ብቅ ያለው። (አንቱ ሲሉት «ገና አላረጀሁም» ብሎ ስለሚቆጣ ነው አንተ የምለው፤ በስድ አደግነት እንዳይታሰብብኝ።) ጋሽ አስራት ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በየበረሃው ሲለካና ችካል ሲተክል ኖሮ፣ ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የዓሣ ዘንግ ይዞ ቤት ገባ። ዘንጓ እንደ ሸንበቆ ቀጭን፣ ክሯም ከፀጉር የማትወፍር ነበረች።

«ጋሽ አስራት፣ በዚህ ዓሣ ይቅርና ዝንብ ይያዛል?» አልኩት።

«በወፍራም ገመድማ ማንም ይጎትታል» አለኝ። «በዚህ ስትይዘው መጎተት የለም። ልሂድ ሲል ትለቅለታለህ፤ ሲደክመው ታመጣዋለህ። እልህ ከተጋባኸው ይበጥስልሃል።»

ልምምዱን የጀመረው እዚያው ግቢው ውስጥ ነበር። በመንጠቆው ፋንታ አንዲት ትንሽ ብሎን ክሩ ላይ ያስርና፣ ከበረንዳው ላይ ቆሞ በልብስ ማስጫው ሽቦ አሳልፎ፣ ግቢው ጥግ ወደተቀመጠው ሳፋ ይወረውራል። መጀመሪያ ሰሞን ያጠመደው፣ አጥር ተሻግሮ፣ የእኔን ካልሲ ነበር። ቀጥሎ የሚስቱን ነጠላ ይዞ ተወቀሰ። እየዋለ እያደረ ግን ብሎኗ ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ እንኳ ሳታናውጥ፣ እንደ ቅጠል መውረድ ጀመረች። እኔም በርጩማዬን ይዤ አጥር ለአጥር መቀመጥ ለመድኩ። እውነቱን ልናገርና ቀናሁበት። ሽበት ከወረሰው በኋላ አዲስ ነገር ተምሮ እንዲህ የሚራቀቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኛ በዚያ ዕድሜ የምንማረው አዲስ ነገር ቢኖር የመድኃኒት ስም ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በገበሬዎች ማሳ መካከል የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ግድብ አለች። የሚያጠምደው እዚያ ነው። መዳፍ የምታህል ቆሮሶ የምትባል ዓሣ ይዞ ይመጣና ለጎረቤት ያድላል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሰፈራችንን ለሁለት ከከፈለው ቆይቷል፤ ጋሽ አስራት ግን ሁለቱንም ወገን ያስደስታል። ለሚበሉት ዓሣውን ይሰጣል፣ ለማይበሉት እንዴት እንደያዘው ያወራል።

በዚህ ሁሉ ደስ ያልተሰኘች አንዲት ሰው ነበረች፤ ሚስቱ እትዬ ብርቄ። የእትዬ ብርቄን ታናሽ ወንድም በልጅነቱ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ የቀበና ደራሽ ወስዶታል። እስከዛሬ ክረምት ላይ ድልድዩን የምትሻገረው አማትባ ነው። እናም ባሏ ዘንግ ይዞ ሲመጣ አልከለከለችውም፤ በወንድሟ ስም ግን አስማለችው። ከውሃው ዳር ቆሞ ሊያጠምድ፣ ውሃው ላይ ግን ላይወጣ። ጋሽ አስራትም ማለ፤ ለረዥም ጊዜም መሐላውን ጠበቀ።

ችግሩ የመጣው ከድንጋዮቹ ነው። ከግድቧ ማዶ፣ ገደሉ ሥር፣ ግማሽ አካላቸው ውሃ ውስጥ የሰመጠ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። ትልልቆቹ ዓሦች የሚኖሩት እዚያ፣ በድንጋዮቹ መካከል ተሸሽገው ነው። በእግር አይደረስባቸውም፤ ክሩም ከዚህኛው ዳር አይደርስም። ጋሽ አስራት ማታ ማታ እዚያ ጋ ዓሦቹ ሲዘሉ ውሃው ሲፈነጥቅ እያየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ምን ዓይነት ሥቃይ እንደሆነ የሚገባው፣ ሎተሪ በአንድ ቁጥር ያለፈው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን መሪ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ፈረንጅ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ሰማ። ከጓዙ መካከል ካያክ የሚሏት ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆን፣ ረዥም፣ ጠባብ፣ ቀይ ታንኳ ነበረችበት። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትዎትም። እትዬ ብርቄ እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ ታንኳዋ መጥታ እኔ ጓሮ ልትደበቅ፣ እትዬ ብርቄም በሽምግልና ቀስ በቀስ እስክትለዝብ እዚያው ልትቆይ ተማከርን።

ሚኒባስ ተከራየን። ታንኳዋን ጣሪያው ላይ አስተኛናት። ቀይነቷ ዓይን እንዳይስብ ጋሽ አስራት ነጭ አንሶላ አምጥቶ ከእግር እስከ ራሷ ሸፈናት፤ ከፊትም ከኋላም በገመድ አሰርናት። ገመዱ ስላላስተማመነን እሱ የኋላ ወንበር ላይ አጎንብሶ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጫፉን ያዘ። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ እጄን አገጬ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ፤ ጭንቀት ላይ እንዲህ ነው የምቀመጠው። ሾፌሩ ጥንቁቅ ሰው ነበርና የአደጋ መብራቱን አብርቶ በዝግታ መንዳት ያዘ። ሊያልፉን ያልቻሉ መኪኖችም ከኋላችን ተሰለፉ።

ቀበና ስንደርስ አንድ ነገር ገረመኝ። መንገድ ዳር የቆሙ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ተነሱ። አንዲት ሴትዮ አንገቷን ደፍታ ቆመች። የሰፈራችን ሰው ጨዋ መሆኑን ሁልጊዜ አውቃለሁ፤ ለዓሣ ማጥመድ ይህን ያህል ክብር አለው ብዬ ግን አልጠበቅኩም። እኔም ግራና ቀኝ በአክብሮት ጎንበስ እያልኩ አጸፋውን መለስኩ።

እዚያው ገመዱ ስለላላ ጎሚስታ ቤት ቆመን፣ ጎሚስታው ጠበቅ አድርጎ እስኪያስርልን ቆየን። እሱም «እግዜር ያጽናችሁ» አለን። መንገዱን ማለቱ ነው ብዬ አሜን አልኩ።

ለካስ ያን ጊዜ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ዳገቱን ወጥቷል። የሚያውቀን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ አስከሬን የሚመስል ነገር፣ እኔንም በሐዘን አቀርቅሬ ሲያይ፣ ጋሽ አስራትን ደግሞ ሲያጣ፣ ደመረና ወደ ሰፈር ደወለ። የጋሽ አስራት ስልክ ዝግ ነው፤ ብርቄ ከደወለች መዋሸት አልችልም ብሎ ዘግቶታል። የእኔም እንደ ልማዷ ባትሪዋ አልቋል። ውሃ አንድ ቀን ይበላዋል ሲል የኖረ ሰፈር ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ኮረብታውን ጨርሰን ስንታጠፍ የእድሩ ድንኳን ግማሹ ተተክሏል። አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል። ንፍሮው ተጥዷል። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ መሐል ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ድምፅዋን ሳልወድ ሰማሁት።

«ዳር ላይ ቁም ብዬህ ነበር እኮ። ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ ሳላይልህ!»

የሚኒባሱ የኋላ በር ተከፈተና ጋሽ አስራት፣ ገመዱን እንደጨበጠ፣ ወገቡን ይዞ ወረደ። እትዬ ብርቄ ለረዥም ጊዜ አየችው። መጥታ ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ከዚያ አንሶላውን ጎትታ አወረደችው፤ ቀዩዋን ታንኳ አየች፤ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። በዚያች ሰዓት በጋሽ አስራት ቦታ ከመሆን ታንኳዋን መሆን እመርጥ ነበር።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ለማ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ነው። ድንኳኑን ሊያፈርሱ የተነሱትን በእጁ ከለከላቸው። «ሽማግሌው ተሰብስቧል፤ ወንበሩ ተደርድሯል። ለቅሶው ቢቀር እርቅ እናድርግበት» አለ። እናም ሊቀብሩት የመጡት ሰዎች እዚያው ድንኳን ውስጥ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። አንዲት እናት ሳህን ሲያዞሩ ጋሽ አስራት ፊት ደረሱና ሰጡት፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት የገዛ ራሱን ንፍሮ ቆረጠመ።

እትዬ ብርቄ ከብዙ ልመና በኋላ ወጥታ ተቀመጠች። ጋሽ አስራት አልተከራከረም። ተነሥቶ «በወንድሟ ስም ምዬ አፍርሻለሁ። አጥፍቻለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ታንኳዋ ትሸጥ ብለው ወሰኑ። እሱም የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ «ትሸጥ» አለ። ሲቀመጥ ግን ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ አንጀቴን በላው።

«ትሸጣለች» አለች እትዬ ብርቄ። «ግን መጀመሪያ አያታለሁ። አስራት ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ያስዋሸው ነገር ምን እንደሆነ ሳላይ አትሸጥም።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ግድቧ ዳር ነበርን፤ እሷ፣ እሱ፣ እኔና አቶ ለማ። እትዬ ብርቄ የራሷን ዘዴ ይዛ መጥታለች፤ ከአቶ ለማ የድንኳኑን ረዥም ገመድ ተቀብላ፣ አንዱን ጫፍ ታንኳዋ ጭራ ላይ በእጇ ቋጠረች፣ ሌላውን ክንዷ ላይ ጠመጠመች። ጋሽ አስራት ተንሳፋፊ ሰደርያውን ለብሶ፣ ልክ እንደታሰረ ጥጃ፣ ታንኳዋ ውስጥ ተቀመጠና መቅዘፊያውን አነሣ።

አሁን ያየሁትን እንዴት ልንገርዎ? ያ በዳገቱ ላይ ጉልበቴን እያለ የሚያነክስ ሰው ውሃው ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ። መቅዘፊያው ሲገባና ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም። ድንጋዮቹ ፊት ሲደርስ ዘንጉን አነሣ፤ ያቺ ክር በአየር ላይ ተዘረጋችና በሁለት ድንጋዮች መካከል፣ ልክ ሳፋው ላይ እንዳየሁት፣ ያለ ኮሽታ ወረደች። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። እትዬ ብርቄ ዓይኗን አልነቀለችም። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ።

ከዚያ ዘንጓ ጎበጠች። የተያዘው ትልቅ ነው፤ አምባዛ ሳይሆን አይቀርም፣ ታንኳዋን ራሷን ወደ ጥልቁ ይዟት መሄድ ጀመረ። ጋሽ አስራት አልታገለም፤ እየለቀቀለት፣ እየተከተለው ሄደ። ድንገት ግን የድንኳኑ ገመድ አለቀና ተወጠረ። ታንኳዋ ቆመች። ዓሣው ወደዚያ፣ ሚስቱ ወደዚህ፣ እሱ መሐል። ክሯ ልትበጠስ መሆኑ ለእኔ እንኳ ገባኝ። ዞር ብሎ አላያትም፤ ልቀቂኝም አላላት።

እትዬ ብርቄ ክንዷን አየች። ገመዱን ከክንዷ ላይ ፈታችና ለቀቀችው። ከዚያ ማየት አልቻለችም፤ ዳር ላይ ካለው ቄጤማ ኋላ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ታንኳዋ ነፃ ስትወጣ ጋሽ አስራት ዞረ። ያየው ግን ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ገመድና እሷ የሌለችበትን ዳርቻ ነው። ዘንጉን ታንኳዋ ውስጥ ጣለው። ክሯ ተበጠሰች፤ ዓሣው ሄደ። በዚያ ዕድሜ ሰው እንደዚያ ሲቀዝፍ አላየሁም። ዳር ሳይደርስ ዘሎ ወረደና ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ ይፈልጋል።

«አስራት፣ ምን ሆነሃል?» አለች ከቄጤማው ኋላ ተነሥታ።

ቆሞ አያት። «ገመዱ ላላ። ውሃ ውስጥ የገባሽ መሰለኝ።»

«እኔ እኮ የለቀቅኩት እንድትይዘው ብዬ ነው።»

«ይሂድ» አለ።

አቶ ለማ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። እኔ ፊቴን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ማፈርም አላስፈለገኝም ነበር። እትዬ ብርቄ ግን ገመዱን ከውሃው ጎትታ፣ ጨምቃ፣ በሥርዓት ጠቅልላ ለአቶ ለማ ሰጠችው። «ለድንኳኑ ይሁን» አለችው። ወደ ባሏ ዞራም «አንተ ደግሞ ሳይመሽ ወደ ውሃው ተመለስ፤ ድንጋዩ ጋ ሌላም ይኖራል» አለችው።

ታንኳዋ ትሸጥ የተባለው የሽማግሌ ውሳኔ እስከዛሬ እንደጸና ነው፤ ማንም አልሻረውም። ሽያጩን በኃላፊነት የያዘችው እትዬ ብርቄ ናት። ባለፈው አንድ ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ ሊገዛ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ አቁማ «ዋና ትችላለህ?» አለችው።

«በሚገባ» አላት።

«እንግዲያማ ታንኳ ምን ያደርግልሃል» ብላ በሩን ዘጋችበት።