ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

(ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው በታች ያለ የቆርቆሮ ጋራዥ። ባለቤቱ ዘመነ ነው፤ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሠርቶ የመጣ፣ ከዚያ ወዲህ «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰው። ፊቱ አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ ቆማለች። በርጩማ ላይ የተቀመጡት የዲማው መሪጌታ ገዳሙ ናቸው። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነውና ዘመነ ከጠዋት ጀምሮ አእምሯቸውም ዝግ ያለ መስሎታል።)

ገዳሙ፦ መብራቷ ግን ትጠቅሳለች እኮ።

ዘመነ፦ መሪጌታ፣ ይህን ሲሉ አምስተኛ ጊዜዎ ነው። አትጠቅስም። ተበላሽታ ነው የምትርገበገበው።

ገዳሙ፦ የተበላሸ ነገር ይጠፋል እንጂ እንዲህ ይመላለሳል?

ዘመነ፦ እየቆጠረ የሚመላለሰው እርስዎ የሚያስተምሩት ከበሮ ነው። ይህ ኤሌክትሪክ ነው። (ፕላስተር ቆርጦ ዳሽቦርዱ ላይ የምትርገበገበውን መብራት ይሸፍናታል።) ይኸው፣ ዳነች።

ገዳሙ፦ መኪናዋ?

ዘመነ፦ መብራቷ። የመኪናዋማ ካምቢዮ ሞቷል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቆልፋ የአምበርን ዳገት በምን ትውጣው? አወርደዋለሁ፣ እፈታዋለሁ፣ በሳምንቱ መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ገዳሙ፦ ሳምንት? ልጁ ነገ አርባ ቀኑ ነው እኮ። ባለመኪናው እንዳላማውና ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፈው እዚህ ዘመድ ቤት እየጠበቁኝ ነው። ጎህ ሲቀድ ዲማ ካልደረስን ልጁ በቀኑ ክርስትና አይነሣም። የክርስትና አባቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

ዘመነ፦ አዝናለሁ መሪጌታ። ካምቢዮ አርባ ቀን አያውቅም።

(መሪጌታ ተነሥተው ወደ መኪናዋ ይገቡና ፕላስተሩን በጥፍራቸው ይልጡታል። መቁጠሪያቸውን አውጥተው፣ ዓይናቸውን መብራቷ ላይ ተክለው፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ዘመነ አንጀቱ ራራ።)

ዘመነ፦ ይጸልዩላት፣ አልከለክልም። ብቻ ጸሎት ሽቦ አይቀጥልም።

ገዳሙ፦ እየጸለይኩ አይደለም።

ዘመነ፦ ታዲያ?

ገዳሙ፦ እየቆጠርኩ ነው። ዝም በል፣ አሳሳትከኝ።

(ጠመኔ አንሥተው ጎማው ላይ ፮ እና ፪ ይጽፋሉ።)

ዘመነ፦ ኧረ መሪጌታ፣ በሰው መኪና ላይ ድግምት ይጽፋሉ?

ገዳሙ፦ ስድስትና ሁለት ነው። ስድስት ጊዜ ትልና ታርፋለች፤ ሁለት ጊዜ ትልና ረዘም አድርጋ ታርፋለች። ደግሞ ስድስት። አርባ ዓመት ከበሮ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ሳይስት የሚመታ ተማሪ አልገጠመኝም። መቼ ነው የጀመራት?

ዘመነ፦ ሞተሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ሣጥን ሁለት ቀዳዳ በሽቦ ሳገናኝ። አዲስ አበባ አለቃዬ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

ገዳሙ፦ ከዚያስ?

ዘመነ፦ ከዚያ መብራቷ መርገብገብ ትጀምራለች።

ገዳሙ፦ ከዚያስ?

ዘመነ፦ ከዚያ ምሳ አምጣ ብሎ ይልከኛል።

ገዳሙ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ?

ዘመነ፦ ሰውየው ሆዳም ነበር።

ገዳሙ፦ ያ ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠለው መጽሐፍስ?

ዘመነ፦ አለቃዬ ሲያሰናብተኝ የሰጠኝ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ መጽሐፍ። ደንበኛ ሲያየው ይተማመንብኛል።

ገዳሙ፦ አንብበኸዋል?

ዘመነ፦ ኧረ ከሰቀልኩት ገና ሳምንቱ ነው።

ገዳሙ፦ ስድስትና ሁለት የሚል ካለበት እስቲ እይልኝ።

(ዘመነ ሽማግሌ ላለማስከፋት ብሎ መጽሐፉን ከነማንጠልጠያው አወረደ። ገጽ ገለጠ፤ ደግሞ ገለጠ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።)

ዘመነ፦ «መብራቷ የጥፋቱን ቁጥር እየጠቀሰች ትናገራለች» ይላል። ስድስትና ሁለት... «ስድሳ ሁለት፤ ቁጥር አንድ ሶሌኖይድ፤ ሽቦው ተቆርጦ እንደሆነ እይ» ይላል።

ገዳሙ፦ ሶሌኖይድ ማነው?

ዘመነ፦ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ነው። ኮምፒውተሩ ማርሽ ቀይር ብሎ በሽቦ ሲያዘው ዘይቱን የሚከፍት።

ገዳሙ፦ እንግዲያ ታዛዡ አልሞተም፤ ትእዛዙ አልደረሰውም። ግባ ከሥሯ።

(ዘመነ መጽሐፉን መሪጌታ ጭን ላይ ጥሎ፣ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባ።)

ዘመነ፦ (ከሥር) አገኘሁት መሪጌታ። አንድ ክንድ ያህል ሽቦ የለም። በፒንሳ ነው የተቆረጠው። ምን ያለው ደንቆሮ ነው እንዲህ የሚያደርግ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እንዳላማው መኪናውን ላገኘው ሁሉ እየሰጠ።

ገዳሙ፦ መልኩ ምን ዓይነት ነው?

ዘመነ፦ አረንጓዴ፣ ነጭ መስመር ያለው።

ገዳሙ፦ (ጭናቸው ላይ ያለውን እያገላበጡ) ይህን የመጽሐፍ ማንጠልጠያ ከየት አመጣኸው?

ዘመነ፦ እሱማ ባለፈው ሳምንት የአንዱን መኪና የጭስ ማውጫ ማርሚታ ሳስር ከሥሯ ያገኘሁት ትርፍ ሽቦ ነው። ጃፓኖች እኮ ሽቦ ያበ...

(ዘመነ ከመኪናዋ ሥር እጁን ወደ መጽሐፉ ዘረጋ።)

ገዳሙ፦ እንዳላማውም «ማርሚታ ካሳሰርኩ ወዲህ ነው ዳገት እምቢ ያለችኝ» ብሎኛል።

(ዘመነ አረንጓዴውን ማንጠልጠያ ተቀብሎ በቦታው ቀጠለው። ኮሮላዋን አስነሥቶ የሰፈሩን አቀበት ሲሞክራት አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለች ወጣችው። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።)

ገዳሙ፦ የቀረ ነገር አለ?

ዘመነ፦ መጽሐፉ ባትሪውን ለጥቂት ጊዜ ንቀል ይላል። ያን ጊዜ መኪናዋ የተመዘገበውን ጥፋት ሁሉ ትረሳዋለች።

ገዳሙ፦ መልካም፣ ንቀልላት።

ዘመነ፦ (ነቅሎ) ይኸው ረሳችው። እርስዎስ መሪጌታ፣ ይረሱልኛል? ለእንዳላማው አይነግሩብኝም አይደል?

ገዳሙ፦ እኔ ልጄ፣ ባትሪ የለኝም።