ዜሮ የነካው መስመር

አገር በሕግ፣ ቤት በባለቤት ይጸናል፤ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤት ግን የሚጸናው ወደ ታች በሚወርድ መስመር ነው። ይህ ታላቅ እውነት ለሥራ አስኪያጁ የተገለጠላቸው በአንድ አጭር ሥልጠና ላይ ሲሆን፣ እሳቸውም ለብቻዬ ልብላው ሳይሉ ለሠራተኞቻቸው አካፈሉ። ከሥልጠናው በተመለሱ ማግስት በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ አሰቀሉ። በሰሌዳው ላይ የቀሩት ፍተሻዎች ብዛት በቀይ መስመር ይሣላል። ፍተሻ ባለቀ ቁጥር መስመሩ ዝቅ ይላል፤ ግርጌውን የነካ ዕለት ሥራው ሁሉ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

«ሌላው ሰው ሽቅብ ለመውጣት ሲፍጨረጨር፣ እኛ ቁልቁል በመውረድ እንከበራለን!» አሉ። ሠራተኛው አጨበጨበ። የደመወዝ ሳምንት ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ካርድ ሲነካው የሚከፈት የበር ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ከመንገዱ ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሲሆን፣ የፕሮግራሙ ፈታሽ ልጅም እዚያው ትማራለች። ስለዚህ ለፈታሿ ያ በር እንደ ሌላው በር አልነበረም።

መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ታዘዘው ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት ለሰሌዳው ሰላምታ እየሰጡ ይገቡ ነበር። አንድ ቀን ግን ሲገቡ መስመሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቃቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስህተት ተገኝቶ ነው» አለች ፈታሿ። «መብራት ሲጠፋ በሩ ከውስጥም አልከፈት ይላል። ተስተካክሎ እንደገና መፈተሽ ስላለበት ቀሪው ሥራ ጨመረ።»

«ማን ነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ፈልጊ አለሽ?»

«ሥራዬ እኮ ነው፤ የተቀጠርኩት...»

«ቆይ። ስህተቱ ትናንት ነበረ?»

«ነበረ።»

«መስመሩስ ትናንት ምን ያደርግ ነበር?»

«ይወርድ ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የስህተቱ አይደለም፤ የማግኘትሽ ነው» አሉና፣ እንዲህ ያለ ብልህ ፍርድ ከአፋቸው በመውጣቱ ራሳቸው ተደነቁ።

ችግር ባለበት ኮሚቴ አይጠፋም። የተቋቋመውም ኮሚቴ በጥልቀት መክሮ «ስህተት» የሚለው ቃል የሠራተኛውን ሞራል ስለሚነካ «ያልተጠበቀ ጠባይ» እንዲባል ወሰነ። ያልተጠበቀ ጠባይ ያሳየ ፍተሻ ሁሉ ወደ ሥራው ሁለተኛ ምዕራፍ እንዲዛወር፣ የሁለተኛው ምዕራፍ ሰሌዳ ደግሞ ገና ስላልተገዛ እስከዚያው እንዳይቆጠር ተስማማ። በዚያው ቀን መስመሩ ከገደል እንደ ተለቀቀ ድንጋይ ወረደ። ኮሚቴው ተመሰገነ።

ፈታሿ ፕሮግራሙን የጻፈውን ባልደረባዋን በኮሪደር ያዘችው።

«በጤናህ ነው? ይሄንን ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«ግማሽ ቀን።»

«ታዲያ?»

«ግማሽ ቀን ሙሉ መስመሩ ይጋደማል። እሱ ከተጋደመ እኔም አጠገቡ ነው የምጋደመው። ተይው እህቴ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡስ ይግባ፤ በዚያ በር የምትገባው ልጄ ናት!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋጋ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ለካ እውነት የሥራ አስኪያጁን ጆሮ በፊት ለፊት አትደፍረውም፤ በውዳሴ ጓሮ ዞራ ነው የምትገባው። ፊቷን ታጥባ፣ ፈገግታዋን አስተካክላ ቢሯቸው ገባች።

«እኔ የምለው ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ መስመር መሬት ሲነካ ቁልፉን ዝም ብለን ለሕፃናት ልንሰጠው ነው?»

«ምን እናድርግ ታዲያ?»

«መጀመሪያ ለእርስዎ ክብር የራሳችን አዳራሽ በር ላይ ይተከል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርትም መጥተው በዓይናቸው ይዩ።»

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

በምረቃው ዕለት እንግዶች አዳራሹን ሞሉት። የብረቱ በር በአዲሱ ቁልፍ ተዘጋ። ፈታሿ ጭብጨባ ሲሰማ መብራቱን ለአንድ አፍታ እንዲያጠፋና መልሶ እንዲያበራ ውጭ ቆጣሪው ጋ የሚቆመውን ጥበቃ በጆሮው ነግራው ነበር። ለአፍታ ያህል ቢደነግጡ ለመማር ይበቃቸዋል ብላ ነው።

«ክቡራንና ክቡራት!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው ይዋሻል፤ መስመር አይዋሽም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። መብራቱ ጠፋ። ጥበቃው ቃሉን የሚያከብር ሰው ነውና ወዲያው መልሶ አበራው። ቁልፉ ግን አንዴ ከተኛ በኋላ አልነቃም። ካርድ አስነኩት፤ ዝም። ገፉት፤ ዝም። ፈታሿ ክው ብላ ወደ ባልደረባዋ ዞረች።

«መብራት ሲመለስ ይነቃል ወይ የሚለውስ ተፈትሿል?»

«እሱም ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው» አላት ላቡን እየጠረገ።

አዳራሹ ፎቅ ላይ ስለሆነ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠርተው መሰላላቸውን በመስኮቱ ዘረጉ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ሁሉ ግርግር አልተናወጡም፤ ሰሌዳውን አጸዱና «በአዳራሹ የቀሩ ሰዎች» ብለው ጽፈው ቀይ ቀለማቸውን አነሡ። አንድ ሰው በመሰላሉ ሲወርድ መስመሩ ይወርዳል፤ ሌላው ሲወርድ ደግሞ ይወርዳል። ፊታቸው በራ።

ርዕሰ መምህርቷ ወፈር ያሉ ስለነበሩ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊደግፋቸው እግሩን በመስኮቱ አስገባ።

«እንዳትገባ!» ብለው ጮኹ ሥራ አስኪያጁ። «መስመሩን ሽቅብ ልታወጣብኝ ነው!»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋን ልይዛቸው ነው እኮ!»

«ውጭ ሆነህ ያዛቸው!»

ርዕሰ መምህርቷ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ምንም በመስኮቱ ወጡ። መሰላሉ ላይ ሳሉ ዞር ብለው፣ «ለእኔ ልጆች ያው የድሮው መቀርቀሪያ ይበቃቸዋል!» አሉ። ይህን ስትሰማ ፈታሿ ለሳምንታት የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። ተራዋ ሲደርስም ወረደች።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ቀሩ። አሁን አንድ ነገር አሳሰባቸው፤ እሳቸው ከወረዱ መስመሩን ማን ዜሮ ያስነካዋል? የጀመሩትን ሥራ ለሰው የሚተዉ ሰው ስላልነበሩ፣ ቀዩን ቀለም አጥብቀው መስመሩን እስከ ግርጌው አወረዱት። ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው የእጃቸውን ሥራ በፍቅር ይመለከቱ ጀመር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ከታች ጮኸ። «ስንት ሰው ቀረ?»

«ዜሮ!» የሚል የድል ድምፅ ከላይ መለሰ።

«ዜሮ ከተባለ ዜሮ ነው። መሰላሉን እጠፉት!»

ፈታሿ ልትናገር አፏን ከፈተች። «ማን ፈልጊ አለሽ?» የተባለችው ትዝ አላት። መልሳ ገጠመችው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

መኪናው ሄደ። ጥበቃውን በር የሚቆርጥ ብረት ሠራተኛ ፈልግ ብላ ላከችውና መንገዱን ተሻግራ ልጇን አወጣች። እጅ ለእጅ ተያይዘው በሕንፃው ሥር ሲያልፉ ትንሿ ቀና አለች።

«እማዬ፣ እዚያ መስኮት ላይ የሚጮኹት ሰውዬ ማናቸው?»

«ሁለተኛው ምዕራፍ ናቸው፣ የኔ እናት።»