የፊልም ኑዛዜ

ደፋር ሰው ፊልም የሚያየው በዓይኑ ነው። እኔ የማየው በጣቶቼ መካከል ነው። እንዲያውም በዚህች ከተማ ግማሹን ፊልም ብቻ እያየ ስለ ሙሉው አስተያየት የሚሰጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። “ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል” ይባል የለ? እኔ ደግሞ በሰው ተከብቤ ደህና ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰው ሲሮጥ ያልበኛል። ሯጩ እሱ፣ ላቡ የኔ!

አስተያየቴን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢሆንም እሰጣለሁ። በአፌ የማልደፍረውን በብዕር እደፍራለሁና። የጀብዱ ፊልም ላይ አንድ ነገር አይገባኝም፤ አክተሩ ለምን ሁልጊዜ በገደል በኩል ይሄዳል? ደህና መንገድ የለም እንዴ ባገራቸው? እኛ ዘንድ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ፏፏቴውን ከሩቅ አይቶ፣ ተደንቆ፣ ይመለሳል። ዘሎ የገባበት አልሰማሁም። አስቂኝ ፊልም ደግሞ ይብስብኛል። ሰውየው በሙዝ ልጣጭ ተንሸራቶ ሲወድቅ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ እኔ ግን ወገቡ ተርፎ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ሳቁ ራሱ ጭንቀት ነው። ከሰው ቀድሞ መሳቅ ያስፈራል፤ ሰው ካቆመ በኋላ መሳቅ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። ስለዚህ አጠገቤ ያለው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲያቆም አቆማለሁ። የጠፈር ፊልምማ ተዉት። ኮከብ ድረስ ሲጓዙ ስንቅ የቋጠረ አንድ ሰው አላየሁም። አንበሳሜ ገበያ ለመሄድ እንኳ ቆሎ ይያዛል እኮ! እዚያ ደርሰው የሚያገኙት ፍጡር ምን እንደሚመስል እንዳትጠይቁኝ። እሱ ሲመጣ ዓይኔን ስለምጨፍን መልኩን አላውቅም፤ በድምፁ ግን የጣና ጉማሬ ነው።

እነዚህን ፊልሞች ያየሁት፣ ማለቴ በከፊል ያየሁት፣ በዘንድሮው ክረምት ነው። የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር በትምህርት ቤት ዕረፍት ሥራ እንዳንፈታ ብሎ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በአንድ አዳራሽ ፊልም ያሳየን ነበር። መምጣት ግዴታ አልነበረም። የቀረ ሰው ስም ግን ይመዘገብ ነበር። እንግዲህ ስሙ እንዳይመዘገብ የሚፈራ ሰው ምን ያደርጋል? ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል።

ችግሩ ወቅቱ ፍልሰታ መሆኑ ነው። እናቴ በፍልሰታ ቀልድ አታውቅም። ሬዲዮናችን እንኳ ጾሙን ከእኛ ጋር ይጾማል፤ ዜና ካልሆነ አይከፈትም። በፍልሰታ ፊልም አየሁ ብላት ምን እንደምታደርገኝ ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ለእናቴ ስብሰባ አለብኝ እያልሁ እወጣለሁ፤ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው ለሚለው ለማኅበሩ ደግሞ ከፊልሙ በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ቅዳሴ እንደምገባ ትንፍሽ አልልም። ለቄስ ፊልም ማየቴን፣ ለፊልም ሰዎች ቄስ ማየቴን ስደብቅ ጾሙ ተጋመሰ።

ያን ጊዜ እናቴ በጾሙ መጨረሻ እንደምቆርብ አስታወቀችኝ። ለመቁረብ ደግሞ መናዘዝ ያስፈልጋል። የነፍስ አባታችን መምሬ ውብሸት ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ በልጅነታቸው ደሴት ገዳም ገብተው የተማሩ፣ እንኳን ፊልም ፎቶግራፍ የተነሡ የማይመስለኝ የሰባ ዓመት ሽማግሌ። በወሩ እንደ ልማዳቸው ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጡና፣ ጓሮ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝ። እናቴ ከማድቤቱ በር ላይ ሽንብራ ትለቅማለች። ከእኛ ጋር ያላት ርቀት ለመስማት ይሩቅ እንጂ ለማየት ቅርብ ነው። አያችሁ፣ ኑዛዜን ከሩቅ የሚያይ ሰው ድምፅ የሌለው ፊልም እንደሚያይ ነው። ታሪኩን ራሱ መሙላት አለበት።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ብዬ ቆረጥሁና፣ “ፊልም አይቻለሁ አባቴ” አልሁ ባንድ ትንፋሽ። “እግዚአብሔር ይፍታህ” ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁ። እሳቸው ግን “ምን ያለ ነገር ነው እሱ? ከነዝርዝሩ ተናገር እንጂ ልጄ፣ ኃጢአት በጥቅሉ አይነገርም” አሉኝ። ዘረዘርሁላቸው። አንድ ሰው በወረርሽኝ ለሚያልቅ መንደር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል፤ ክፉዎች ያሳድዱታል፤ ከጥልቅ ገደል በላይ የተዘረጋ የገመድ ድልድይ ላይ ይደርሳል፤ እኩሌታው ላይ ሲሆን ክፉዎቹ ገመዱን በጎራዴ መቁረጥ ይጀምራሉ።

መምሬ መስቀላቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው “ወየው! እመ ብርሃን ድረሽለት!” ብለው ጮኹ። ከማድቤቱ በር በኩል ሽንብራው ሲበተን ሰማሁ።

“ከዚያስ?” አሉ መምሬ።

“ከዚያ ዓይኔን ጨፈንሁ።”

“እንዴት ትጨፍናለህ? ሰው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ!” ጉልበታቸውን መቱ። “ሞተ ወይስ ዳነ?”

“አላወቅሁም አባቴ።”

ራሳቸውን ያዙ። ቀጥሎም የሰው ሞት አይቼ እንደሆነ ቅጣቱ አንድ እንደሚሆን፣ መዳኑን አይቼ እንደሆነ ግን ሌላ እንደሚሆን፣ ይህ ሳይታወቅ ስንት ስግደት እንደሚያዙብኝ ሊወስኑ እንደማይችሉ ነገሩኝና፣ “ጠይቀህ ቆየኝ” ብለው ተነሡ።

ማንን እጠይቃለሁ? ጓደኛዬን ይበልጣልን። ይበልጣል ፊልም ሲያይ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን አፉም ይከፈታል። ስጠይቀው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። “አንተ ፈሪ! ወንበር ይዘህ የምትቀመጥ መዳፍህን ልታነብ ነው? አክተር እንደማይሞት ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል እኮ!” አለኝ። ሰድቦኝ ሲጠግብ ነገረኝ። ድልድዩ ሲበጠስ ሰውየው ጫፉን እንደያዘ ተወርውሮ ከወዲያኛው ገደል ይላተማል፤ ከዚያ የተንጠለጠለውን ድልድይ እንደ መሰላል ይዞ ይወጣል፤ የመድኃኒቱም ጠርሙስ አልተሰበረም። ከሌሎቹ ፊልሞችም ያመለጠኝን ሁሉ ሞላልኝ።

መምሬ እንደ ልማዳቸው ወር አልቆዩም። በሦስተኛው ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከች። ከዘይቱኑ ሥር ገና ሳልቀመጥ “ዳነ?” አሉኝ። “ዳነ” ስላቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው “ስብሐት ለእግዚአብሔር!” አሉ። አክተር አይሞትም የሚለውን የይበልጣልን ሕግ ስነግራቸው ግን አልተዋጠላቸውም፤ “ሰማዕታቱ ሁሉ ሞተው የለም እንዴ ልጄ፣ ይህ ሰው ከማን በልጦ ነው?” አሉ። ቀጥለው “ሌላስ?” ሲሉኝ አስቂኙን ተናዘዝሁ። የሙዙ ልጣጭ ላይ ስደርስ፣ መቼም ጾም ነውና እንዳይስቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ያዙት፤ ትከሻቸው ግን እየተንቀጠቀጠ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ። የጠፈሩን ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ጃንጥላቸውን ዘወር አድርገው ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ። በመጨረሻ ስለ ሦስቱም ፊልሞች አሥራ ሁለት ስግደት አዘዙኝ። ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ጨረስሁት።

አሁን እናንተ ማድቤቱ በር ላይ ቁሙልኝ። ድምፅ የለም። አንድ የሰባ ዓመት ቄስ ልጃችሁ አንድ ነገር በነገራቸው ቁጥር ይጮኻሉ፣ ጉልበታቸውን ይመታሉ፣ በነጠላቸው ተሸፍነው ያለቅሳሉ፣ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። የሰው ልጅ ኑዛዜ አምስት ደቂቃ በሚፈጅበት አገር የልጃችሁ ኑዛዜ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ምን ታስባላችሁ? እናቴ መምሬን በሩ ላይ ደርሳባቸው “አባታችን፣ ልጄ ምን አድርጎ ነው?” ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም “የኑዛዜ ነገር አይነገርም ልጄ” ካሉ በኋላ፣ አፋቸው አልያዝ ብሏቸው፣ “ብቻ ጉድ ነው የሰማሁት! ጉድ!” እያሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

“ፈሪ ለናቱ” ይባላል። የዚያን ቀን እናቴ ከእኔ የባሰች ፈሪ መሆኗን አየሁ። ዘመኑ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ትንሽ ነገር የሚያስቡበት አይደለም፤ ወጣት በአንድ ወረቀት ሰበብ በሌሊት ተወስዶ የሚቀርበት ነው። ወደ ጓዳ ጎትታኝ በሩን ዘጋችና “ሰው ነካህ? የተከለከለ ወረቀት ያዝህ? ከማን ጋር ነው የምትውል፣ አንተነህ ልጄ? ለኔ ንገረኝ፣ ለኔ ለናትህ” አለችኝ በሹክሹክታ። ስፈራው የኖርሁትን እውነት ነገርኋት፤ ፊልም አየሁ አልኋት። በጥፊ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን “ፊልም? እኚያ አባት በፊልም ነው የሚያለቅሱ? እንደ ሕፃን አትደልለኝ” ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። በር ሲንኳኳ ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። ፍራሼን ገልብጣ የፊልም አስተያየት የምጽፍባትን ደብተር አገኘችና ሳታነብ እሳት ውስጥ ጨመረቻት። ማንበብ አቅቷት እንዳይመስላችሁ፤ ያላነበበችውን አላየሁም ማለት ስለምትችል ነው። በመጨረሻ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ፣ ከአጎቴ ዘንድ፣ በሚቀጥለው ጀልባ እንደምትልከኝና ነገሩ እስኪረሳ ሁለት ዓመትም ቢሆን እንደምቆይ ነገረችኝ። ትምህርቴስ? “ሕይወት ይቅደም” አለች። እኔ እኮ ሐይቁን ዳር ቆሜ ሳየው እንኳ የምፈራ ልጅ ነኝ። ልብሴን አጣጥፋ በፌስታል ስትከት፣ የራሷንም ጋቢ ስትጨምርልኝ ሳይ፣ ሐይቁን ረሳሁት። ለሷ የሚበቃት ኃጢአት መፈለግ ጀመርሁ።

“እማ፣” አልሁ፣ “ወተት ጠጥቻለሁ።”

እጇ ቆመ። “በፍልሰታ?”

“በፍልሰታ። ይበልጣል ቤት።” አንድ ብርጭቆ ቄስ የሚያስለቅስ አልመስል ቢለኝ “ሦስት ጊዜ” ብዬ ጨመርሁ።

ዱካው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። “እንኳን ጠጣህ! እንኳን ጠጣህ የኔ ጌታ! ሰው የገደልህ መስሎኝ አንጀቴ ተቆርጦ ነበር እኮ! መምሬስ ቢሆኑ፣ እንዲህ ያስጨንቁኛል? እኔም በልጅነቴ በፍልሰታ ቅቤ ልሼ አሥር ስግደት ሰግጃለሁ፤ አሥር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም” አለች። ልብሴን ከፌስታሉ አወጣችው። ጎርጎራ ቀረ።

እኔ ግን ያልሠራሁትን ኃጢአት አውጥቼ የሠራሁት ኃጢአት ገባብኝ። ነገ ቁርባን ነው፤ ዛሬ ለእናቴ ዋሽቻለሁ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከቅዳሴ በፊት፣ እናቴ ራሷ የወተቱን ስግደት ልታሰግደኝ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መምሬ ውብሸት ዋርካው ሥር ተቀምጠው፣ የሰፈሩ ሴቶች ለኑዛዜ ተሰልፈዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ “እናንተ በኋላ ትደርሳላችሁ፣ የዚህ ልጅ ሰፊ ነው” ብለው ሴቶቹን አራቋቸው። ሴቶቹ እያማተቡ አሳለፉኝ። መምሬ መቀመጫቸውን አደላደሉና ጆሯቸውን አቀረቡልኝ።

ለእናቴ መዋሸቴን፣ ያልጠጣሁትን ወተት ጠጣሁ ማለቴን ነገርኋቸው። ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ።

“ፊልም የለበትም?” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“የለበትም አባቴ።”

ተስፋቸው ሲጠፋ በዓይኔ አየሁት። ወዲያው ቆጣ ብለው፣ ለወለደች እናት መዋሸት እንደ ፊልም ያለ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ነግረውኝ፣ “አርባ ስገድ፤ እዚሁ፣ አሁን” አሉኝ።

መስገድ ጀመርሁ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቆማ በከንፈሯ ትቆጥርልኛለች። አሥር ላይ ስደርስ ፈገግ ብላ ልታነሣኝ አንድ እርምጃ ተራመደች። አሥራ አንድ ሰገድሁ። አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። ሃያ ላይ ቀና ስል እናቴ አጠገቧ ወዳለችው ሴትዮ ዘንበል ብላ፣ የጎርጎራ ጀልባ በየትኛው ቀን እንደሚነሣ ስትጠይቅ ሰማኋት።