ባዶ መኪና የማይወዱት ጋሽ ነጋሳ

በዚህች አገር መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ከመኪናው ጋር አንድ ጋሽ ነጋሳ አብሮ ይረከባል። ሊብሬው ላይ አይጻፍም እንጂ ከሞተሩ ቀጥሎ ዋናው ነገር እሱ ነው። ለአንዱ የሚስት አጎት፣ ለሌላው የድሮ አስተማሪ ሆኖ ይመጣል፤ ንግግሩ ግን የትም አንድ ነው። ወዴት እንደምትሄድ ቀስ ብሎ ይጠይቅሃል። ትነግረዋለህ። «እንግዲያው እግረ መንገድህን…» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የአንተ አይደለም።

የአዳማው ጋሽ ነጋሳ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሳይሞላ እንዳይወጣ ሲጠብቁ ኖሩና፣ ጡረታ ሲወጡ መናኸሪያውን ተዉት እንጂ ሥራውን አልተዉትም። የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ለማንም ዕቃ አድርሰው ሳንቲም ተቀብለውም አያውቁም። ባዶ ወንበር ይዞ የሚያልፍ መኪና ሲያዩ ግን የተደፋ እህል እንዳየ ሰው ውስጣቸው ያራል።

ክቡርነታቸው ከዚህ ሕግ ማንንም ነፃ አላደረጉም። ፓስተር አማኑ ለስብከት ወደ ዴራ ሲሄድ «እግረ መንገድህን» ብለው ሁለት አውራ ዶሮ ሰጡት፤ ዶሮዎቹ ጉባኤው ዓይኑን ጨፍኖ በሚጸልይበት ሰዓት ተራ በተራ ጮኹ። የሰፈሩ ልጅ ቦንቱ ስታገባ ደግሞ የሙሽራዋ መኪና ወደ ወንጂ እንደሚሄድ ሰሙና፣ ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ እግሯን ኩንታል ጤፍ ላይ ሰቅላ ገባች። ፎቶው ላይ ጆንያው ከሚዜዎቹ በላይ ጎልቶ ይታያል። የሰፈሩ ሰው እየሳቀ ይረግማቸዋል፣ እየረገመም ይጭንላቸዋል። እምቢ ማለት የሞከረ አንድ ሰው ነበረ ይባላል፤ እሱም መኪናውን ሸጦ ተገላገለ።

እንግዲህ ከእኚህ ሰው አጥር ጥግ የምትኖረው ሶሲ ተጎታች ቤት ገዛች።

ሶሲ የዓይን ምርመራ ባለሙያ ናት፤ ጋሽ ነጋሳ ዳዴ ስትል ጀምሮ ያውቋታል። ሥራው ያለቀ አንድ የመንገድ ካምፕ ዕቃውን ሲሸጥ፣ መሐንዲሶች ያድሩበት የነበረውን ባለ ሁለት ጎማ ነጭ ቤት ገዛችው። አልጋውን አስነቀለች፤ በቦታው የምርመራ ወንበር አስገባች፤ ግድግዳውን መነጽር ደረደረችበት። ሐሳቧ ቤቱን በትንሿ የናፍጣ ፒካፕ እየጎተተች ገበያ በዋለበት ከተማ ሁሉ መሥራት ነበር። የአርሲ ነገሌ ማዘጋጃ ቤት ከእህል ገበያው አጠገብ ቦታ ሰጣት። አንድ ግዴታ ነበረው፤ ዓርብ እስከ አስር ሰዓት ቤቱን ቦታው ላይ ካላቆመች ቦታው ለቀጣዩ ተመዝጋቢ ይሰጣል። ቀጣዩ ተመዝጋቢ ቆርቆሮ ሻጭ ሲሆን፣ ቆርቆሮውን ገዝቶ ጨርሷል። ሶሲ ይህን ቦታ ለማግኘት ስምንት ወር ተመላልሳለች።

መካኒኩ ዲበኩሉ ፒካፗን ከሥር እስከ ላይ ፈትሾ የተናገረው አጭር ነበር።

«ይህቺ መኪና ቤቱን ትጎትታለች» አላት። «የቤቱን ዕቃ ግን ለሌላ መኪና ተይው።»

ሶሲ ይህን ለጋሽ ነጋሳ ቃል በቃል ነገረቻቸው። ጋሽ ነጋሳ በጥሞና አዳመጡ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስትወጣ ጋቢና ውስጥ ዣንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልጅ ብቻዋን ቤት አንጠልጥላ አገር አታቋርጥም ነው ነገሩ። ከወንበሯ ኋላ ደግሞ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ ጥቅል ፍራሽና ባቱ ከተማ የሚደርስ የመስኮት ፍሬም ቀድመዋት ገብተዋል።

«ቀላል ዕቃ ነው» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

ፈጣኑን መንገድ ይዘው ቢሆን ኖሮ እስከ ሰባት ሰዓት ይደርሱ ነበር። ጋሽ ነጋሳ ግን በአሮጌው መንገድ አሉ፤ ፈጣን መንገድ ላይ ማን ቆሞ ዕቃ ይቀበላል? ቆቃ ላይ ለአንድ ሰው መድኃኒት ሰጡ። ከቆቃ አለፍ ብሎ አንዲት አሮጊት አሳፈሩና ሦስት ኪሎ ሜትር ሄደው አወረዱ። ዓለም ጤና ሲደርሱ ጋሽ ነጋሳ አንዴ ብቻ እንድታቆም ለመኗት። ኢፍቱ የምትባል የነገሌ ወዳጃቸው ልጇን ትድራለች፤ ለሠርጉ የሚሆን ሽንኩርት እዚህ ተገዝቶ ቆይቷል፤ «እግረ መንገድሽን» ነው። ሶሲ ሰዓቷን አይታ ውኃ ልትገዛ ሄደች። ስትመለስ ስምንት ጆንያ ሽንኩርት በተጎታቹ የኋላ በር ገብቶ፣ እዚያው በሩ ሥር ተደርድሮ፣ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። ለማውረድ ጊዜ አልነበረም። ዲበኩሉን እያሰበች ሞተሩን አስነሣች።

ከተማውን ወጥተው መንገዱ ቀጥ ሲል ፍጥነት ጨመረች። መጀመሪያ መሪው እጇ ላይ ቀለላት። ከዚያ በስፖኪዮ ስታይ ነጩ ቤት ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ፤ በየምልሱም ፒካፗን ከኋላዋ ይዞ ይወዘውዛታል። ፍሬን ልትረግጥ እግሯን አነሣች፤ ተጎታች ሲወዛወዝ ፍሬን እንደማይረገጥ ዲበኩሉ የነገራትን አስታውሳ ተወችው። ነዳጁን ብቻ ለቀቀች። መሪውን አጥብቃ ያዘች። ከፊት ለፊት የሚመጣ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። ቤቱ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተወዛወዘና ቀስ እያለ አደብ ገዛ። ዳር ይዛ አቆመች።

ከኋላ የነበረ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ጃዕፈር የሚባል የነገሌ ልጅ ነው፤ ሳይጠሩት ወርዶ ሁለቱ የሚያያዙበትን ብረት በአንድ እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ሳበው። ብረቱ ተነሣለት። በአንድ እጅ መነሣት አልነበረበትም።

«ከኋላ ስትጭኚው ፊቱን ያነሣዋል፤ መኪናሽንም አብሮ ያነሣታል» አለ ጃዕፈር። «ክብደቱ ከፊት ሲሆን ነው ተጎታች ተከትሎ የሚሄደው። ማነው የጫነልሽ?»

ጋሽ ነጋሳ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ብረቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አውቶቡስ ሁሌም ከኋላ ነው የምንሞላው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር ጀምረው ሞልተዋል። ተጎታች ቤት ሌላ ሕግ እንዳለው የሚነግራቸው ሰው አላገኙም፤ ቢያገኙም አይሰሙም ነበር። ኮታቸውን አውልቀው መንገድ ዳር ያለ አጥር ላይ ሰቀሉና በሰባ ዓመታቸው የመጀመሪያውን ጆንያ ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ጃዕፈር ከእጃቸው ወሰደባቸው። አራቱን ጆንያ አይሱዙው ላይ ጫነ፤ ቀሪውን አራት ወደ ተጎታቹ ፊት አሻገሩት። ብረቱን እንደገና ሲስበው ንቅንቅ አላለም።

ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሶሲ መሪዋን ስትይዝ ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ስምንት ወር የተመላለሰችበት ነገር በሽንኩርት ሊበላ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «ከዛሬ በኋላ ግን ከእኔ ጋር አይሄዱም።»

«እሺ ልጄ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ነጋሳን የሚያውቅ ሰው የማያምነው ነገር ሆነ። መቂን ሲያልፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ባቱ ላይ ፍሬሙን ለባለቤቱ በመስኮት አቀብለው ዓሣ እንኳ ሳያዩ ተመለሱ። ቡልቡላ ላይ ባዶ ሚኒባስ አለፋቸው፤ ጋሽ ነጋሳ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ሶሲን ዝምታቸው ከወሬያቸው ይልቅ ከበዳት፤ ግን ሰዓቱ ይሮጣል፣ ፒካፗ ደግሞ ከስድሳ በላይ አትፈቅድም።

አርሲ ነገሌ ሲገቡ አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። ቆርቆሮው በጋሪ ተጭኖ መንገድ ዳር ቆሟል። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደብተሩን ይዞ ቆሟል። ቦታው ላይ ግን አርባ የሚሆኑ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ሽማግሌና አሮጊት። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት ወዲያው ተነሣች።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ነጋሳ» ብላ ሰላም አለቻቸው። ኢፍቱ ናት፤ የሽንኩርቱ ባለቤት።

ነገሩ ለሶሲ ቀስ በቀስ ገባት። ጋሽ ነጋሳ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ሲደውሉ ከርመዋል። ለኢፍቱ፣ ለስፌት መኪናው ባለቤት፣ ለፍራሹ ባለቤት፣ ለሚያውቁት የነገሌ ሰው ሁሉ፣ ዕቃችሁን ዓርብ ከሰዓት ከእህል ገበያው አጠገብ ውሰዱ ብለዋል። ሰው ደግሞ ባዶውን መምጣቱ ስለማይዋጥላቸው፣ እግረ መንገዳችሁን ዓይናችሁን ታዩ፣ እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ ብለዋል። አስር ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው መጥቶ ቦታውን ልቀቁ አላቸው። ኢፍቱ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ መለሰችለት፤ የዓይን ሐኪሟ ወረፋ ላይ ነን፣ ወረፋችንን ለቆርቆሮ አንለቅም። ሠራተኛው አርባ ታካሚ ተሰልፎ ያለበትን ሥራ «አልተጀመረም» ብሎ መጻፍ አስቸገረው። ደብተሩን ከፍቶ ቆመ፣ ዘጋው፣ ሶሲ ስትደርስ ዳግመኛ ከፍቶ አስፈረማት።

ተጎታቹን ወደኋላ ማስገባት ሌላ ፈተና ነበር፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ቤቱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አርባ ሰው ደግሞ በአርባ በኩል «ና፣ ና» ይላል። በመጨረሻ ፈትተው በእጃቸው እየገፉ አስገቡት። ቆርቆሮ ሻጩም አብሮ ገፋ።

ከሩቅ የመጡት ማደሪያ ስላልነበራቸው ሶሲ ያኔውኑ ሥራ ጀመረች። ጋሽ ነጋሳ በሩ ላይ ቆመው ሰው በሰው እየቆጠሩ አስገቡ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ገብቶ ወንበሩ አንዴም አልቀዘቀዘም። የከተማው ሰው ለነገ ተቀጥሮ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሩቆቹ ወረፋ አለቀና ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው አሉ።

የዓይን መፈተኛውን ጽሑፍ ሰጠቻቸው። ክንዳቸው እስኪያልቅ ድረስ አራቁት፤ አንድም ፊደል አላነበቡም። ሦስተኛው መነጽር ልክ ሆነ። ጋሽ ነጋሳ ወረቀቱን ጨርሰው አነበቡና ቀና አሉ። ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። ለስንት ዓመት በጭጋግ ሲያዩት እንደኖሩ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ሶሲዬ፣ እንዲህ ደክሞሽ ነው ስትነጂ የዋልሽው?» አሉ።

ከአባቷ ሞት ወዲህ ደከመሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው እኚህ ብቻ ናቸው፤ ትወዳቸዋለች፤ ሁሌም ትወዳቸው ነበር።

መነጽሩን አውልቀው በጥንቃቄ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እመለሳለሁ አሉ፤ ወንበር ይዘዋል፤ ያለችውን አልረሱም።

«የለም ጋሼ» አለች ሶሲ። «ሰኞ አብረን ነው የምንመለሰው። አውቶቡሱ አንድ ወንበር ባዶ ይሂድ።»

ጋሽ ነጋሳ ብዙ አሰቡ። ነገሩ ከባድ ነበር።

«ይሂድ» አሉ።