ይግባኝ የማይወደው ፀጉር አስተካካይ

ስልክ በገባበት ሰፈር ሁሉ አንድ ዳኛ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። አይቶት የማያውቀው ሰው ከባሕር ማዶ «ሚሊዮን ዶላር ላውርስህ» ብሎ ኢሜይል የጻፈለት ሁሉ፣ ልቡ ተንጠልጥላ፣ ስልኩን ይዞ ወደ እሱ ይሮጣል። አንዳንዱ ሰፈር ዳኛው ባለሱቅ ነው፤ ሌላው ጋ ጡረተኛ ነው። የእኛው ፀጉር አስተካካይ ሲሆን ችሎቱም የሚሰየመው ከመስታወቱ ፊት ነው።

ክቡር ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ እጁ ሥራ አይፈታም። ሳሙና የነካው እጅ ስልክ አይነካም ስለሚል ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ ያነብለታል። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ለመነህ ወይስ ሰጠህ?» «ሰጠኝ» ካሉት ነገሩ አለቀ። «ዘመድ ቢሆን ይለምንሃል እንጂ አይሰጥህም። አጥፋው።»

የራሱ ስልክ ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ከመደወልና መብራት ሲጠፋ ከማብራት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ነው። መስታወቱ ሥር ከማበጠሪያዎቹ ጋር ተጋድሞ ይውላል። ዳኛችን ኢሜይል የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፤ ለምን ቢሉት «በር በሌለው ቤት ሌባ በየት ይገባል?» ይላል። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም» ይጨምርበታል። ይህችን ነገር በቀን ስንቴ እንደሚላት የሚያውቀው መስታወቱ ብቻ ነው።

በእርግጥ ሕጉ ብዙ ሰው አድኗል። ስንት የንጉሥ ልጅ፣ ስንት ባል የሞተባት የሚኒስትር ሚስት፣ ስንት ሣጥን ሙሉ ወርቅ ያገኘ ጄኔራል ከዚያች ክፍል ወለል ላይ ከተቆረጠ ፀጉር ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ሹፌሩ ያልቆረጠው ሎተሪ በኢሜይል ሲወጣለት «ሳትዘራ ካጨድክ ማሳው የሰው ነው» ተብሎ በኀዘን ወደ መኪናው ተመልሷል።

ግን ዳኛም ይሳሳታል። ዳቦ ጋጋሪው «አባዬ፣ ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ ሄደህ ተቀበል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ክቡርነቱ ሕጉን ጠቅሶ አስጠፋው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጁ ደውሎ «አባዬ፣ ተቀየምከኝ እንዴ?» ሲል ጉዱ ወጣ። ጋጋሪው ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ እየጮኸ መጣ። ዳኛው መቀሱን አላቆመም። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለው አስቀድሞ አለመናገሩ የራሱ የጋጋሪው ጥፋት መሆኑን በእርጋታ አስረዳው። «ደግሞ ለምኖህ ቢሆን ኖሮ ልጅህ መሆኑን ወዲያው አውቀው ነበር» አለ። ጋጋሪውም ተላጭቶ ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው «ተሳሳትኩ» ብሎ አያውቅም። ባለልኳንዳው ሲቀመጥበት ሁለተኛው ወንበር ለሁለት የተሰነጠቀ ዕለት እንኳ ጥፋተኛ የተባለው ወለሉ ነው። የወንበሩ ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። መኪናዋን ጋሪ ላይ የሚያወጡላት ሁለት ጉልበት ያላቸው ሰዎች ፈልጋ መጣች፤ ገዢው ደጃፏ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዳኛው ለምን እንደምትሸጥ ጠየቃት። መጀመሪያ ለመናገር አልፈለገችም። ኋላ ግን ፊቷ በራ፤ ስልኳን ተራዬን ለምጠብቀው ለእኔ ዘርግታ «ያንብቡለት፣ አባባ» አለችኝ።

አነበብኩ። አንድ ጠበቃ ነኝ ባይ፣ ቤተሰቡ ሰምቶት የማያውቅ አጎት በሩቅ አገር መሞቱን፣ የሚሊዮኖቹም ወራሽ እሷ መሆኗን ጽፎላታል። የሚቀረው ትንሽ የማስፈጸሚያ ገንዘብ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬውኑ መላክ አለበት። በመኪናዋ ዋጋ ልትከፍል ነው። «ገንዘቡ ሲመጣ አሥር መኪና እገዛለሁ» አለች።

ወንበሩ ላይ የነበረው ባለልኳንዳ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሹፌሩ ጋዜጣውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እኔ ፈራሁ። እልኸኝነቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ሰው ከሳቀባት እኛን ለማሳፈር ስትል ብቻ መኪናዋን ሸጣ ገንዘቡን ለጠበቃው ትልካለች። «አጥፊው» ቢላትም ያው ነው። ሁላችንም የዳኛውን አፍ ጠበቅን።

ዳኛው ምላጩን አስቀመጠ። በዚያ ቤት አገጭ ሳያልቅ ምላጭ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ ይህን ጠበቃ አውቀዋለሁ» አለ።

«ከየት?»

«እኔንም በልቶኛል። መጀመሪያ ለወረቀቱ አለኝ፤ ላክሁ። ቀጥሎ ለማኅተሙ አለኝ፤ ላክሁ። ከዚያ ደግሞ ለግብሩ።» አንገቱን ደፍቶ ባዶውን ቦታ አሳያት። «ያን ወንበር የሸጥኩት ለእሱ ብዬ ነው። አፍሬ ለሰው አልተናገርኩም።»

ወንበሩን የሰበረው ሰውዬ እዚያው ከነክብደቱ ተቀምጧል። የተፋቀችው ስልክ መስታወቱ ሥር ተጋድማለች፤ ማንም ወደ እሷ አላየም። ባለልኳንዳው ከአረፋው ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ሲሸጠው አይቼ አንጀቴን በልቶኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ባዶውን ቦታ አየች፤ ዳኛውን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ወረደና በምትኩ ርኅራኄ መጣ። «ወይኔ ወንድሜን» አለች። «አይዞህ፤ ሰው አይደለህ?» እሱን አጽናንታ ስታበቃ ገዢውን ልታሰናብት ሄደች። ወዲያው ጋሪው ባዶውን እየተንኳኳ አለፈ።

እሷ ደግ ናት፤ ደግ ሰው ደግሞ ያዘነለትን ሰው ታሪክ ለብቻው አይዝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳኛው የተበላ መሆኑን ያልሰማ አልነበረም። ጋጋሪው ይኸው እስከ ዛሬ በሩ ላይ ብቅ እያለ «ያ ጠበቃህ ደህና ነው?» ይለዋል። ዳኛውም «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ይላል። «እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም» የምትለዋ አነጋገር ግን ቀረች። ልብስ ሰፊዋ ከኀዘኑ እንዲጽናና ብላ ሰፊ ኪስ ያለው የሥራ ካፖርት በነፃ ሰፋችለት። በደጁ ስታልፍ ፊቱን ያጠቁራል፤ አልፋ ስትሄድ ያፏጫል።

በቀደም ለእኔም አንዲት ሀብታም መበለት ጻፈችልኝ። ፊደል የለየሁት ዘግይቼ ቢሆንም ማታለልን ከፊደል በፊት ነው የማውቀው፤ ቤቴ ተቀምጬ ላጠፋው እችል ነበር። ግን ኮቴን ለብሼ ወደ ችሎቱ ወሰድኩት።

«ለመነችዎት ወይስ ሰጠችዎት?» አለኝ፣ አገጬን ቀና አድርጎ።

«ሰጠችኝ።»

«ዘመድ ብትሆን ትለምንዎት ነበር እንጂ አትሰጥዎትም። ያጥፉት፣ ጋሼ።»

አጠፋሁት። ባዶው የወንበር ቦታ በመስታወቱ ውስጥ ይታየኝ ነበር። ሕግህ ስህተት ነው፣ ዘመድስ ይሰጣል፣ ያውም መልካም ስሙን፣ ልለው አሰብኩ። ነገር ግን ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ክቡርነቱም ይግባኝ አይወድም።